የተሽከርካሪ አየር ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰርና የጋዝ ቱቦ መጠን አወሳሰን፤ ለቴክኒክ መምህራንና ለፕላን አውጪዎች

መነሻ

ለተሽከርካሪ አየር ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰርና ቱቦ መምረጥ በብዙ የሥልጠና ክፍሎች የሚቀርበው ከአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር የማንበብ ተግባር ሆኖ ነው። ሠልጣኙ የተሽከርካሪውን ዓይነት ይፈልጋል፤ በአንጻሩ የተጻፈውን የኮምፕሬሰር ቁጥር ይገለብጣል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ይህ አሠራር ተሽከርካሪው ሠንጠረዡ በታሰበለት የአየር ጠባይና ከፋብሪካ በወጣበት መሣሪያ እስከሠራ ድረስ ብዙ ጉዳት የለውም። ዳሩ ግን በአገራችን አንድ ሚኒባስ ጧት 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በአዋሽና በሚሌ አልፎ፣ በዚያው ዕለት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፈው በሰመራ ሜዳ ሊገኝ ይችላል። የተሰበረው ኮምፕሬሰር የተተካውም ብዙውን ጊዜ በገበያ በተገኘው እንጂ በመጽሐፉ በታዘዘው አይደለም። በመሆኑም ሠልጣኙ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካላወቀ፣ ቁጥሩ የማይሠራበትን ቦታም ሊያውቅ አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአወሳሰኑን ሂደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ አስልቶ ማሳየትና፣ በዚያውም መምህራን በትምህርት አሰጣጥ፣ ፕላን አውጪዎችም በመሣሪያ ግዥ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦችን ማመልከት ነው።

ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል የተባለው ፓምፕ

አቅራቢው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ከተማ በሚገኝ የሥልጠና ተቋም የተግባር ትምህርት ለመከታተል ዕድል አግኝቶ ነበር። በዕለቱ ሠልጣኞች የአንድን ተሽከርካሪ የማቀዝቀዣ መስመር በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን እንዲያወጡ ታዘዙ። የመመሪያው መጽሐፍ መለኪያው 29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪያሳይ ድረስ ፓምፑ እንዲሠራ ይላል። ቀስቱ ግን 23 ሳይደርስ ቆመ። የቱቦው መጋጠሚያዎች ተፈትተው እንደገና ታሰሩ፤ የፓምፑ ዘይት ተለወጠ፤ ከሌላ ክፍል ሁለተኛ ፓምፕ በውሰት መጣ፤ ቀስቱ ግን ከዚያው ቦታ ፈቀቅ አላለም። በመጨረሻ ፓምፑ «ብልሽት» ተብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመለሰ፤ ሠልጣኞቹም የተማሩት ነገር ቢኖር የተቋሙ መሣሪያ የማይታመን መሆኑን ብቻ ነበር።

ፓምፑ አንዳች አልጎደለውም። እንዲህ ያለው መለኪያ የሚያሳየው በመስመሩ ውስጥ ያለውን ፍጹም ግፊት ሳይሆን፣ በውስጡ ባለው ግፊትና በውጭው የከባቢ አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ይህም በሜርኩሪ ሲለካ ከ23 ኢንች ጥቂት ያነሰ ነው። ስለሆነም በዚህ ከፍታ መስመሩ ፈጽሞ ባዶ ቢሆን እንኳ ቀስቱ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነበር።

ይህን ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ እንደሆነ፣ ደጋ ላይ ሽሮና ባቄላ ለመብሰል ጊዜ እንደሚወስድ እናቶች ከፊዚክስ መምህሩ በፊት ያውቁታል። ግፊት ሲቀንስ የመፍያ ነጥብ ይቀንሳል። የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሁሉ በዚህ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። አር 134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ወለል የአየር ግፊት በዜሮ በታች 26 ዲግሪ ይፈላል፤ ፍጹም ግፊቱን ወደ 293 ኪሎፓስካል ብናደርሰው የሚፈላው በ0 ዲግሪ ይሆናል፤ ወደ 1,682 ብናደርሰው ደግሞ በ60 ዲግሪ ከትነት ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው ሥራ ጋዙን ከመጀመሪያው ግፊት ወደ ሁለተኛው ማሸጋገር ነው፤ ኤቫፖሬተሩ ከተሳፋሪው ክፍል ሙቀት ይቀበላል፤ ኮንደንሰሩ ያንኑ ሙቀት ከኮምፕሬሰሩ ሥራ ጋር ደምሮ ወደ ውጭ ይጥላል።

የመለኪያው ጉዳይ በሚሠራበትም ጊዜ ይከተለናል። 0 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ጋዝ በጅቡቲ ወደብ በመለኪያ 192 ኪሎፓስካል ያሳያል፤ በአዲስ አበባ ግን 216 ያሳያል። ሠልጣኙ ይህን 216 ይዞ ለባሕር ወለል በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ቢፈልግ፣ ጋዙ ከ2 ዲግሪ በላይ የሚፈላ መስሎት ጋዝ ለመቀነስ ወይም ቫልቭ ለመለወጥ ይነሣል። በከፍተኛው ግፊት በኩል ግን ያው የ24 ኪሎፓስካል ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ስሕተት ብቻ ስለሚያመጣ ብዙም አያሳስብም። እያንዳንዱ የሥልጠና ክፍል የአካባቢውን የአየር ግፊት በግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፎ ቢለጥፍ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

የሙቀቱን ሸክም ማስላት

ኮምፕሬሰር ከመምረጥ በፊት የሚነሣው ጥያቄ «በሰከንድ ምን ያህል ሙቀት ይወጣ?» የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል 12 ተሳፋሪዎች፣ ሾፌርና ረዳት የያዘ ሚኒባስ በሰመራ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ሲጓዝ እንውሰድ፤ ውጭ 40 ዲግሪ፣ ውስጥ 25 ዲግሪ እንዲሆን ይፈለጋል። አንድ ሰው ተቀምጦ በላብና በትንፋሽ የሚወጣውን ጨምሮ 110 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ፣ 14 ሰዎች 1.5 ኪሎዋት ይሰጣሉ። በመስተዋት የሚገባው የፀሐይ ጨረር 1.8፣ በጣራውና በጎኑ ቆርቆሮ የሚተላለፈው 1.4፣ ለመተንፈሻ ከውጭ የሚገባው አየር 1.7፣ ከሞተርና ከወለል የሚመጣው 0.6 ኪሎዋት ብለን ብንገምት ድምሩ 7 ኪሎዋት ይሆናል።

እነዚህ ግምቶች እንጂ የተመዘኑ ቁጥሮች አይደሉም። መምህሩ ሠልጣኞቹን መስተዋቱን በሜትር እንዲለኩ፣ የቆርቆሮውን ስፋት እንዲያሰሉ ቢያደርግ የራሳቸውን ቁጥር ያገኛሉ፤ የክርክሩም ጥቅም ከቁጥሩ ይበልጣል። ለምሳሌ አንድ ሠልጣኝ መጋረጃ ማድረግ ከትልቅ ኮምፕሬሰር እንደሚረክስ በራሱ ሊደርስበት ይችላል። ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ ተሽከርካሪ ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ በልጦ ስለሚሞቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሸክሙ ከዚህ ስሌት በላይ ነው። ኮምፕሬሰሩን ለዚያች ጊዜ ብሎ ማግዘፍ ግን ትርፍ የለውም፤ መስኮት ከፍቶ ጥቂት መንዳት ይበቃል።

ከሸክሙ ወደ ኮምፕሬሰሩ

አሁን ጋዙ በ0 ዲግሪ ይተናል፣ በ60 ዲግሪ ይቀዘቅዛል እንበል። ጋዙ ከኤቫፖሬተሩ 5 ዲግሪ ሞቆ፣ ከኮንደንሰሩም 5 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቢወጣ፣ አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ ዑደቱን አንድ ጊዜ ሲዞር 124 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ኪሎዋት ማለት በሰከንድ አንድ ኪሎጁል ስለሆነ፣ 7ን ለ124 ስናካፍል በየሰከንዱ 56.5 ግራም ጋዝ መዞር እንዳለበት እናገኛለን። ይህ ጋዝ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሲገባ ኪሎ ግራሙ 71 ሊትር ቦታ ስለሚይዝ፣ ኮምፕሬሰሩ በሰከንድ 4,000 ሴንቲሜትር ኩብ መሳብ ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ኮምፕሬሰር የሲሊንደሩን ይዘት ሙሉ በሙሉ አይስብም። ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ ከጫፉ የሚቀረው ጥቂት ጋዝ ተመልሶ ይነፋል፤ የገባውም በሞቀው ብረት ይሰፋል። በእኛ ምሳሌ የሁለቱ ግፊቶች ንጽጽር 5.7 ሲሆን፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ከይዘቱ 65 በመቶውን ይስባል ብሎ መውሰድ ተገቢ ነው። 4,000ን ለ0.65 ስናካፍል 6,150 ሴንቲሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ቢዞርና የፑሊው ንጽጽር 1.2 ቢሆን፣ ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ 2,160፣ በሰከንድ 36 ጊዜ ይዞራል። 6,150 ለ36 ሲካፈል 171 ነው። በገበያ ከሚገኙት መጠኖች 155 ያንሳል፤ ስለዚህ 178 ሴንቲሜትር ኩብ የሆነው ይመረጣል።

ስሌቱ እዚህ ላይ የሚያቆም መምህር ግማሹን አስተምሯል። ያው ተሽከርካሪ በመናኸሪያ ቆሞ ሞተሩ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር፣ በደቂቃ 750 ሲዞር ምን ይሆናል? ኮምፕሬሰሩ በሰከንድ 15 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በተመሳሳይ ስሌት የሚያወጣው ሙቀት 3 ኪሎዋት፣ ማለትም ከሚፈለገው ግማሽ ያነሰ ነው። በእውነቱ ጋዙ የሚተንበት መጠነ ሙቀት ከፍ ስለሚል ከዚህ ጥቂት ይሻላል፤ ተሳፋሪው ግን ልዩነቱን ወዲያው በላቡ ያውቀዋል። «ቆሞ አያቀዘቅዝም፣ ሲሄድ ያቀዘቅዛል» የሚለው የዘወትር ቅሬታ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል በረጅሙ ሜዳ ሞተሩ በደቂቃ 3,500 ሲዞር ኮምፕሬሰሩ ከሚፈለገው በላይ ስለሚስብ ኤቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ መግነጢሳዊው ክላች እየቆረጠ ያሳርፈዋል። ኮምፕሬሰር መምረጥ በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል መደራደር ነው።

ለመናኸሪያው ተብሎ እጅግ ትልቅ ኮምፕሬሰር መግጠም የሚያስከትለውን ደግሞ ሞተሩ ይከፍለዋል። በምሳሌያችን ኮምፕሬሰሩ ከ3 ኪሎዋት የማያንስ ኃይል ከሞተሩ ይወስዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ዳገት ላይ ይህ ተደምሮ ሲመጣ ሾፌሩ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ መውጣትን ይመርጣል። ያን ጊዜ ትልቁ ኮምፕሬሰር ለማንም አልጠቀመም።

ቱቦው የሚሰርቀው

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ክፍል ይህ ስለሆነ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንመልከተው። የቱቦዎቹ መጠን በንግድ ቁጥር ይጠራል፤ ቁጥር 6 የውስጥ ዲያሜትሩ 7.9 ሚሊሜትር፣ ቁጥር 8 ደግሞ 10.3፣ ቁጥር 10 ደግሞ 12.7፣ ቁጥር 12 ደግሞ 15.9 ሚሊሜትር ነው። ለፈሳሹ መስመር ቁጥር 6 ቢመረጥ የእኛ 56.5 ግራም በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል እየፈሰሰ ያልፋል፤ መልካም ነው። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ ለሚወጣው ሞቃት ጋዝ ቁጥር 8 ቢገጠም ፍጥነቱ በሰከንድ ከ9 እስከ 10 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የሚያሳስብ አይደለም።

ጣጣው በመሳቢያው መስመር ነው። በዚያ በኩል ጋዙ ቀጭን ስለሆነ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ግፊቱም ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱ መቀነስ እንኳ ትልቅ ኪሳራ ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቁጥር 10 ቱቦ ብንገጥም ጋዙ በሰከንድ 32 ሜትር ያህል ይበርራል፤ በግድግዳው ፍትጊያም 33 ኪሎፓስካል ያህል ግፊት ይጠፋል። ከ293 ላይ 33 ሲጎድል ከመቶ 11 እጅ ነው። ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚደርሰው ጋዝ በዚያው ልክ ስለሚሳሳ በእያንዳንዱ ዙር የሚሳበው መጠነ ቁስ 11 በመቶ ይቀንሳል። የ178 ሴንቲሜትር ኩብ ኮምፕሬሰር የገዛው ባለንብረት ያገኘው የ158ቱን ሥራ ነው፤ ኪሳራውን ለማካካስ ኤቫፖሬተሩ ያው 0 ዲግሪ እንዲሆን ቢፈለግ፣ ኮምፕሬሰሩ 3 ዲግሪ ዝቅ ላለ መጠነ ሙቀት የሚሠራ ያህል ይደክማል።

አሁን ቱቦውን ብቻ በቁጥር 12 እንለውጠው። ፍጥነቱ ወደ 20 ሜትር ይወርዳል፤ የሚጠፋውም ግፊት 11 ኪሎፓስካል ብቻ ይሆናል። ዲያሜትሩ በአንድ አራተኛ ቢጨምር ኪሳራው ወደ ሢሶ ወረደ ማለት ነው። ምክንያቱም ለአንድ መጠን ፍሰት የግፊቱ መቀነስ ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር ተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ነው፤ 1.25ን አምስት ጊዜ በራሱ ብናባዛው ከ3 ጥቂት ይበልጣል። ለሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ የርቢ ምሳሌ አይገኝም፤ በቴክኒክ ክፍልና በሒሳብ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ የሚፈርሰውም እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

«እንግዲያው ከዚያም ሰፊ ለምን አይሆንም?» ብሎ የሚጠይቅ ሠልጣኝ ይመስገን። መልሱ በዘይቱ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል፤ በመሳቢያው መስመር ግን ጋዙ እየገፋ ካልመለሰው በቱቦው ግድግዳ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሽቅብ በሚወጣ ቱቦ ውስጥ ዘይቱን ለማንሣት ጋዙ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል መፍጠን እንዳለበት የሙያው ልማድ ነው። ቁጥር 12 ቱቦ በሚኒሞ ጊዜ እንኳ 9 ሜትር ያህል ፍጥነት ስላለው ዘይቱን ይመልሳል። የውስጥ ዲያሜትሩ 22 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ብንገጥም ግን በሚኒሞ ፍጥነቱ ከ5 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ዘይቱ ከታች ይከማቻል፤ ኮምፕሬሰሩም ደርቆ ይነክሳል። ኤቫፖሬተራቸው በጣራ ላይ፣ ኮምፕሬሰራቸው በኋላ የሆነ ትልልቅ አውቶቡሶች መስመራቸው ረጅምና ውጣ ውረድ ያለበት ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለእነርሱ ነው።

የፈሳሹን መስመር በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ቱቦውን በጭስ ማውጫው አጠገብ ማሳለፍ ቀዝቅዞ የወጣውን ፈሳሽ መልሶ ያፈላዋል፤ የተነፈሰ ጋዝ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሲደርሰው የማስፋፊያው ቫልቭ ተገቢውን መጠን ማሳለፍ ያቅተዋል።

በደጋ ሞክሮ ለቆላ ማስረከብ

ከጥገና በኋላ ተሽከርካሪው የሚሞከረው ብዙውን ጊዜ ጋራዡ ባለበት ከተማ ነው። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያሳልፈው የአየር መጠነ ቁስ ያንሳል፤ ነገር ግን አየሩ ከሰመራው 15 ወይም 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ ስለሆነ ጉድለቱ አይታወቅም። በምሳሌያችን ኮንደንሰሩ 7 ኪሎዋቱን ከኮምፕሬሰሩ ሥራ ጋር ደምሮ ከ10 ኪሎዋት በላይ መጣል አለበት፤ በጭቃ የተደፈነ ወይም ከኮምፕሬሰሩ ጋር ያልተመዛዘነ ኮንደንሰር በደጋ ፈተናውን አልፎ በአዋሽ ቁልቁለት ይወድቃል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ ይቻላል፤ ይኸውም የኮንደንሰሩን ፊት በካርቶን በከፊል በመሸፈን የከፍተኛው መስመር ግፊት በመለኪያ ወደ 1,600 ኪሎፓስካል እንዲወጣ ማድረግና፣ በዚያ ሁኔታ ከአየር ማውጫው የሚወጣውን አየር መጠነ ሙቀት መለካት ነው። መምህሩ ከመለኪያው ዓይኑን ሳይነቅል፣ ግፊቱ 1,800 ከመድረሱ በፊት ካርቶኑን ማንሣት አለበት፤ ሠልጣኞችም የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ።

ስለ ግዥና ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ

ለፕላን አውጪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ከላይ ከተባለው የሚከተል ነው። አንደኛ፣ ለደጋ ተቋማት የሚገዛው የቫኪዩም መለኪያ ፍጹም ግፊትን የሚለካ ይሁን። በመስመሩ ውስጥ የቀረ እርጥበት በ20 ዲግሪ እንዲተን ግፊቱ ወደ 2.3 ኪሎፓስካል መውረድ አለበት፤ በተራው መለኪያ ላይ 75ን ከ77 ለይቶ ማየት አይቻልም። የዚህ መሣሪያ ዋጋ «ብልሽት» ተብለው ከሚጣሉ ጤነኛ ፓምፖች ዋጋ እጅግ ያንሳል። ቀጥሎ፣ ሁለት ዓይነት ዲያሜትር ያላቸው የመሳቢያ ቱቦዎች በአንድ የመለማመጃ መሣሪያ ላይ እየተቀያየሩ የሚገጠሙበት ሁኔታ ይዘጋጅ፤ የአምስተኛውን ርቢ ሕግ በመለኪያ ያየ ሠልጣኝ አይረሳውም።

የጋዙ ዓይነት የሚለዋወጥ መሆኑም በመርሐ ትምህርቱ ሊታሰብበት ይገባል። ቀድሞ የነበረው አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደረገ፤ እርሱን የተካው አር 134ኤም ምድርን በማሞቅ ስለሚታወቅ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በተደረገው ማሻሻያ አጠቃቀሙ እንዲቀንስ ተወስኗል። በአዳዲስ ተሽከርካሪዎች የሚገኘው አር 1234ዋይኤፍ ግፊቱ ለአር 134ኤ የቀረበ ቢሆንም በኪሎ ግራም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ በመጠኑም ተቀጣጣይ ነው። ከዚህ በላይ የተሠራው ስሌት መንገዱ ያው ሆኖ 124ንና 71ን የመሳሰሉት የጋዙ ቁጥሮች ይለወጣሉ። ሠንጠረዥ የሸመደደ ሠልጣኝ እንደገና መሸምደድ ይኖርበታል፤ ስሌቱን የተማረ ግን ጥቂት ቁጥሮችን ይተካል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ወደ ጋራዦች የሚመጡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ኮምፕሬሰራቸው በቺንጋ አይዞርም። የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ስላለው ተሽከርካሪው ቢቆምም በሚፈለገው ፍጥነት ይዞራል፤ በመሆኑም ይዘቱ 30 ሴንቲሜትር ኩብ አካባቢ የሆነ ትንሽ ኮምፕሬሰር ለአንድ የቤት መኪና ይበቃል። የመናኸሪያው ችግር በዚህ ተቃሏል፤ የቱቦው ሕግ ግን አልተለወጠም። አዲስ የመጣው ጥንቃቄ ኮምፕሬሰሩ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሠራ መሆኑና፣ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ለቺንጋ ኮምፕሬሰር የሚሆነው የተለመደው ዘይት ጥቂቱም ቢቀላቀል የውስጡን መከለያ ያዳክማል። ስለዚህ ለሁለቱ ዓይነት ተሽከርካሪዎች የዘይት መሙያውና የመለኪያው ቱቦዎች ተለይተው ሊገዙና በተለያየ ቀለም ሊመለከቱ ይገባል፤ ይህም መሣሪያው ከመታዘዙ በፊት እንጂ ከመጣ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።